ያላጠረው እግር

ታላቅ እህቴን በሰፈራችን በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም «ውሃ ልክ» ነው የሚላት፤ ግንበኞች ግድግዳው መዝመም አለመዝመሙን የሚያዩበትን መሣሪያ ማለታቸው ነው። ስሙን ያወጣላት ጎረቤታችን አናጺው ነው። አንድ ቀን የሰቀለውን መደርደሪያ ከሱቃችን በር ላይ ሆና አየችና «በግራ በኩል ዘቅዝቋል» አለችው። ተናዶ መሣሪያውን አምጥቶ ቢያስቀምጥበት እውነቷን ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስሟ እሱው ሆኖ ቀረ።

እኛ ልብስ ሰፊዎች ነን። እሷ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ እተኩሳለሁ፤ ከደንበኛ ጋር የማወራውም እኔ ነኝ። ወሬው የኔ ድርሻ የሆነበት ምክንያት አለው። እህቴ ያየችውን ሳታለሳልስ ነው የምትናገረው። የሙሽራ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ልጅ «ወፍሬያለሁ እንዴ?» ብላ ስትጠይቃት «አዎ፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር» ብላ መልሳላት ልጅቷን ያባበልኳት እኔ ነኝ።

ካሉን ደንበኞች ሁሉ የቆየው አንድ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። አስራ አራት ዓመት ሙሉ የሥራ ሱሪውን ሌላ ቦታ አሰፍቶ አያውቅም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ድምፁ ከራሱ ቀድሞ ሱቅ የሚገባ ሳቂታ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ሳይስቅ ገባ። በቅርቡ የወሰደውን ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ውሃ ልክ! ዘንድሮስ ውሃሽ ፈሷል» አላት።

«ምነው?»

«ሱሪው ነዋ! የግራው እግር መሬት ይጠርጋል፣ የቀኙ ካልሲዬን ያሳያል። ጓደኞቼ ‹ጎርፍ ልትሻገር ነው ወይ?› እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ።»

እህቴ ሜትሯን ዘርግታ የሱሪውን ሁለት እግር ለካች። እኩል ናቸው። ገልብጣ በውስጥ ስፌቱ በኩል ለካች። አሁንም እኩል። ከዚያ ሱሪውን ትታ ሰውየውን ማየት ጀመረች። እኔ ያንን አስተያየቷን አውቀዋለሁ። ጨርቅ ላይ ሲሆን ደስ ይላል፤ ሰው ላይ ሲሆን ነገር ይመጣል።

«ጫማህን አውልቅ። ቀበቶህንም ፍታና ቀጥ ብለህ ቁም» አለችው።

ቆመ። በሁለት አውራ ጣቷ ወገቡን ዳሰሰችና፣ በግራም በቀኝም የዳሌው አጥንት ጫፍ ያለበትን ቦታ ሸሚዙ ላይ በጠመኔ አሰመረች። ራቅ ብዬ አየሁ። የቀኙ መስመር ከግራው አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሏል። የቀኝ ትከሻው ደግሞ፣ ያንን ያየሁት ገና ያን ጊዜ ነው፣ ወደ ታች ወርዷል።

እህቴ የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር አውጥታ ወደ ኋላ ገለበጠች።

«የዛሬ ስምንት ዓመት ሁለቱም እግርህ እኩል ነበር» አለችው። «ከዚያ የሱሪህን የቀኝ እግር ግማሽ ሳንቲ ሜትር አስረዝሜ ሰፋሁልህ። ከዚያ አንድ። አምና አንድ ተኩል። አንተ ሳታውቀው እያስተካከልኩ ነው የኖርኩት።»

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የዘንድሮውን ጠርዝ የዘመዘምኩት እኔ ነኝ፤ ደብተሩን ሳላይ፣ ያለ የሌለ ጥንቃቄዬን አፍስሼ፣ ሁለቱን እኩል አድርጌዋለሁ!

«ሱሪው አላጠረም። ዳሌህ ነው የዘመመው» አለች እህቴ።

የሰውየው ፊት ቅጭም አለ። «ዘምሟል? ቤት ነኝ እንዴ የምዘምመው? አንካሳ ነህ ብትይኝ አይቀልሽም?»

«አንካሳ የሚል ከአፌ አልወጣም።»

«ብትይውም ያው ነው!» ጫማውን በግማሽ አጥልቆ፣ ሱሪውን እዚያው ጥሎ፣ በተሰመረበት ሸሚዝ ወጣ። የበሩን ደረጃ ሲወርድ የግራ ጉልበቱን በእጁ ደገፍ ሲያደርግ አየሁት።

«እሰይ! የአስራ አራት ዓመት ደንበኛ በአንድ ጠመኔ አባረርሽ» አልኳት።

እሷ ግን እኔን እየሰማችኝ አልነበረም። «ሲገባ አንገቱን አየሽው? ጭንቅላቱን ለማቅናት ስንት ነገር ያጣምማል» አለችና ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ እጅጌ አገላብጣ ሰፋች። እህቴ እጅጌ አገላብጣ ስትሰፋ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

የዕረፍት ቀናችን ሲደርስ ማለዳ ቀስቅሳ «ተነሺ፣ አውቶቡስ ልንሳፈር ነው» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ወደየትም።»

የሰውየውን መስመር ታውቀዋለች። ተራ ይዘን ገባንና ከሾፌሩ ጀርባ፣ ወደ ቀኝ በኩል ባለው ሁለተኛ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሾፌራችን በመስታወቱ አየን፤ እንዳላየ ሆነ። አውቶቡሱ ከጫፍ ጫፍ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ተሳፋሪ ወጣ፣ ወረደ፤ እኛ ብቻ እንደ ዕቃ ተቀምጠናል። እህቴ ዓይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም። በየፌርማታው በሩን ለማየት መላ ሰውነቱን ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል፤ ሲመለስ ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ወደ ግራ ዘመም ብሎ፣ ክብደቱን በግራ መቀመጫው ላይ ጥሎ ነው የሚነዳው።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ የጉዞ ሰዓቱን ሊፈርም ወረደ። እህቴ እንደ ድመት ተነስታ ወደ ፊት ሄደች። እኔ ደግሞ በፍርሃት በሩን መጠበቅ ጀመርኩ። ጥበቃዬ ግን እጅ እግር አልነበረውም፤ ሰውየው በሌላው በኩል መጥቶ በመስኮት ብቅ ሲል እህቴ ተንበርክካ ወንበሩን በሜትር እየለካች ነበር።

«እዚህ ደግሞ ምን ልትሰፊ ነው?» ድምፁ አውቶቡሱን ሞላው።

እህቴ ቀና አላለችም። «ወንበርህ ሞቷል። በግራ በኩል ስፖንጁ አራት ሳንቲ ሜትር ሰምጧል። እጅህን አምጣና ዳስሰው።»

ሰውየው ገብቶ ዳሰሰው። በግራ መዳፉ ሲጫን ብረቱ ይሰማዋል፤ በቀኙ ስፖንጁ ገና ሙሉ ነው።

«ይቺ አውቶቡስ ከተሰጠችህ ስንት ዓመትህ ነው?» አለችው።

ሰውየው በጣቱ ቆጠረ። «ስምንት» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለና መሳቅ ጀመረ። የድሮው ሳቁ ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ በዕረፍት ቀንሽ ወንበሬን ልትለኪ መጣሽ?» ሳቁ ሲበርድለት ግን የልቡን አወጣው። ጉልበቱን ሁለት ጊዜ መርፌ ተወግቷል። ራሱን ሲያመው መነጽር ገዝቷል። አንገቱን ሲይዘው ትራስ ቀይሯል፤ ፍራሽ ቀይሯል። «ቤት ውስጥ ያልቀየርኩት ሚስቴን ብቻ ነው» አለ። «በአራት ወር ውስጥ የጤና ምርመራ አለብን። ቁጭ ብድግ ያስደርጉናል፣ በአንድ እግር ያስቆሙናል። ካቃተኝ ከመሪ ላይ አውርደው ቢሮ ያስቀምጡኛል። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ምን ላደርግ? ወረቀት ልነዳ?»

«እኔ ሰፊ ነኝ» አለችው እህቴ። «መዝመሙን ማየት እችላለሁ፤ ምን እንዳዘመመው ግን አላውቅም። ለሚያውቅ ሰው እናሳይ።»

«እንግዲያው አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ነገሩን የጀመርሽው አንቺ ነሽ።»

ሄዱ። እኔም ሱቁን ዘግቼ ተከተልኳቸው፤ ወሬ ቢያመልጠኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ረጅም፣ ብርሃን የሞላበት ክፍል ነው። ባለሙያዋ ገና ወጣት ናት፤ አጭር፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች። ለመንካት አልቸኮለችም። መጀመሪያ ከጉልበቱ እስከ ራስ ምታቱ ያለውን ሁሉ አስተረከችው። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ አመላለሰችው፣ አስጎነበሰችው፣ በአንድ እግሩ አስቆመችው። በግራ እግሩ ሲቆም እንደ ሰካራም ወዘወዘው። በመጨረሻ በጀርባው አስተኛችውና ሁለቱን ተረከዞቹን አገጣጠመች። የቀኙ ከግራው ወደ ላይ ቀርቷል። እህቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ባለሙያዋ ሜትር አወጣች፤ የኛን የመሰለ ሜትር! ከዳሌው አጥንት ጫፍ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በሁለቱም በኩል ለካች።

«ጋሼ፣ እግሮችዎ እኩል ናቸው» አለች።

«ታዲያ ይሄ የቀኙ ለምን ያጥራል?»

«አላጠረም። ወደ ላይ ተስቦ ነው።» አስነስታ አስቀመጠችውና ጣቷን ጎኑ ላይ፣ ከጎድን አጥንቱ በታች አሳረፈች። ስትነካው ብድግ አለ። «ዳሌ መሠረት ነው፤ አከርካሪዎ ከላይ ይቆምበታል፣ እግሮችዎ ከታች ይያያዙበታል። እርስዎ ለዓመታት ወደ አንድ ጎን ዘመም ብለው ተቀምጠዋል። የግራው ጎን ሲሰምጥ ይሄኛው የቀኝ ጡንቻ አጥሮ ዳሌዎን ወደ ላይ ያዘው። ዓይን ደግሞ ዓለምን ተንጋዶ ማየት አይወድም። ስለዚህ አከርካሪዎ ተጣመመ፣ ትከሻዎ ወረደ፣ አንገትዎ ጭንቅላትዎን ለማቅናት ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል። ራስዎን የሚያምዎት አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል። ሲቆሙ ክብደትዎ በግራ በኩል ይበዛል፤ ጉልበትዎም እሱን ተሸክሞ ነው የከረመው።»

ሰውየው ጉልበቱን ዳሰሰ። «ስለዚህ ጉልበቴ ጥፋት የለበትም?»

«ጉልበትዎ የሌላውን ሸክም የያዘ ምስኪን ነው።»

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ አንዴ ቀጭ አድርጊና ወደ ቦታው መልሺው።»

ባለሙያዋ ሳቀች። «ዳሌ ከማጠፊያው የወጣ በር አይደለም ጋሼ። ከቦታው የወጣ አጥንት የለዎትም። ያጠረ ጡንቻና የሰነፈ ጡንቻ ነው ያለዎት። ያጠረውን እናላላለን፣ የሰነፈውን እናሠራለን። እኔ ላሳይዎ እችላለሁ፤ የሚሠሩት ግን እርስዎ ነዎት። በየቀኑ።»

ወደ እህቴም ዞረች። «ያዩት እርስዎ ነዎት? ጎበዝ ዓይን አለዎት። አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፤ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ዘመም ይላል፤ አብዛኛውን ምንም አያመውም። በጠመኔ ያዩትን ሁሉ በሽተኛ ነው ካሉ ከተማው ሁሉ እዚህ ሊሰለፍ ነው።»

እህቴ በሰው ፊት ታርማ የማታውቅ ሴት ናት። ተቆጣች ብዬ ስጠብቅ «ልክ ነሽ ልጄ፤ ይሄን አላውቅም ነበር» አለች። እኔ የዚያን ቀን ከሁሉም ይበልጥ የገረመኝ ይሄ ነው።

ሰውየው ሥራውን ጀመረ። በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን አጥፎ መቀመጫውን ከመሬት ማንሳት፣ በጎኑ ተኝቶ እግሩን ቀስ ብሎ ማንሳትና ማውረድ፣ ወደ ጎን ተዘርግቶ ያንን የጠበቀ ጡንቻ ማላላት፣ በአንድ እግር መቆም። የመጨረሻውን በሥራ ቦታው ነው የሚሠራው። አውቶቡሱ ተራ ሲጠብቅ፣ ወርዶ አንድ እጁን በሩ ላይ አሳርፎ በግራ እግሩ ይቆማል። ሌሎቹ ሾፌሮች «ሽመላ» አሉት። ዓሣ ያዝክ ወይ እያሉ ያልፋሉ። እሱም «ገና ወንዙ አልሞላም» እያለ ይቆማል።

ወንበሩን በተመለከተ ለጋራዡ ኃላፊ አመለከተ። መልሱ «ለዚህ ዓመት መለዋወጫ የለም» የሚል ነበር። እህቴ ይህን ስትሰማ ባለሙያዋን ምን ዓይነት ስፖንጅ እንደሚሻል ጠየቀቻት፤ ጠንካራና ደልዳላ ይሁን፣ በአንድ ጎን ከፍ ለማድረግ እንዳትሞክሪ ተባለች። አሮጌውን ስፖንጅ ቀድዳ አወጣች። አዲሱን በቢላ ቆርጣ፣ በሁለት ድርብ ገጥማ፣ በወፍራም ሸራ ሰፋችው። ስፌቱ መቀመጫ ሥር እንዳይገባ ወደ ጎን አዞረችው። ስትጨርስ አናጺውን ጠራችው፤ ውሃ ልኩን አምጥቶ እላዩ ላይ አስቀመጠው። አረፋው መሀል ላይ ቆመ። አናጺው ቀና ብሎ አያት፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

ነገሩ ግን እንዲሁ ቀጥ ብሎ አልሄደም። ሁለተኛው ወር ሲገባ ሰውየው ምርመራው ደረሰብኝ ብሎ የታዘዘውን ሦስት እጥፍ አድርጎ ሠራ። ወገቡ ቆልፎት ሦስት ቀን አልጋ ላይ ዋለ። ሚስቱ ደውላ «ታጥፎ ተኝቷል፤ ሁለተኛ አልሠራም ብሏል» አለችን። ቤቱ ስንደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«በቃኝ» አለ። «ዘምሜ ልኑር። ስንቱ ዘምሞ ይኖር የለ?»

እህቴ ምክር አልሰጠችውም። ወንበር ስባ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች። «እኔ መጀመሪያ የሰፋሁት ሱሪ አንድ እግር ብቻ ነበረው» አለችው።

«እንዴት?» አለ፤ ፊቱን ሳይመልስ።

«ቸኩዬ። ሁለቱን እግር አንድ ላይ ገጥሜ ሰፋኋቸው። አባቴ ለብሶት ሊሄድ ሲሞክር ወድቆ ነበር።»

ሰውየው ሳቀ። ሲስቅ ወገቡን አመመውና ጮኸ፤ ደግሞ ሳቀ። ሚስቱም እኔም አልቻልንም። በማግስቱ ባለሙያዋ ጋ ሄደ። ቁጥሩን በግማሽ ቀንሳ ጻፈችለት፤ ከዚያ በላይ አንድም ጊዜ እንዳይጨምር አስማለችው።

ስለ እህቴ ብዙ ልናገር እችላለሁ። እሱን ግን ከዚያ በኋላ ነው ያደነቅኩት። ተሳፋሪ አስቸግሮት፣ ፀሐይ መስታወቱን አልፋ ስታቃጥለው ውላ፣ ደክሞት ወደ ቤቱ ገብቶ እንኳ ራት ሳይበላ በፊት ምንጣፉን ያነጥፋል። ሚስቱ እንደነገረችን አንድም ቀን አላሳለፈም፤ አንድም ቀን ደግሞ አልጨመረም። በሩን ለማየት ሲጠመዘዝ ተመልሶ መሀል ላይ መቀመጥን እንደ አዲስ ተማረ። በየፌርማታው «ተመለስ» ይላል ለራሱ። አንድ ተሳፋሪ ለሱ መስሎት ከደረጃው ላይ ተመልሶ ወርዷል።

የምርመራው ቀን ሱቅ ውስጥ ሆነን እህቴ አንድ ኮት በእጇ ይዛ ሳትሰፋው ረፋዱ አለፈ። መጀመሪያ ድምፁ ገባ።

«ሃያ ጊዜ ቁጭ ብድግ! በግራ እግሬ ሐኪሙ እስኪሰለቸው ቆምኩ! ‹ይበቃል ውረድ› ሲለኝ ‹ከየት ልውረድ፣ መሬት ላይ ነኝ› አልኩት!»

እህቴ ብድግ አለችና እጁን ጨበጠች። ከዚያ በላይ መናገር አታውቅበትም። ኮቱን አስቀምጣ አንጓዋ ላይ ባሰረችው የመርፌ መሰኪያ ጨርቅ ዓይኗን ስትጠርግ ግን አይቻታለሁ።

ሕመሙ ሁሉ አልጠፋም። ደረጃ ሲያበዛ ጉልበቱ አሁንም ያስታውሰዋል። የዳሌው ነገርም ጨርሶ እኩል አልሆነም፤ ባለሙያዋ «ካላመመዎት ይተዉት፣ በማስመሪያ የተሠራ ሰው የለም» አለችው። ራስ ምታቱ ግን ከወር ወደ ወር ራቀ። ሌሊትም በጎኑ መተኛት ቻለ። መሪውም በእጁ ቀረ።

ሽመላ ብለው ሲያፌዙበት የነበሩት ሾፌሮች አንድ በአንድ እየመጡ «እስቲ የኔንም ወንበር እይልኝ» ይሉት ጀመር። ሲታይ ከየሦስቱ ወንበር የሁለቱ ሰምጧል። ተሰብስበው፣ ባለሙያዋ ስለ ወንበሮቹ የጻፈችውን ደብዳቤ አያይዘው ለኃላፊው ማመልከቻ አስገቡ። ኃላፊው ሊያናግራቸው ወርዶ አንዱ ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠ፤ ከመነሳቱ በፊት ወገቡን ያዘ። የሠላሳ ሁለት አውቶቡስ ወንበር ሥራ ወደ ሱቃችን የመጣው እንዲህ ነው።

ሦስት ሳምንት ሸራ ስንሰፋ ከረምን። ሱቁ በስፖንጅ ስለሞላ ደንበኛ የምናስቀምጥበት አጥተን በር ላይ እናነጋግር ነበር። የመጨረሻዎቹን አራት ትራሶች ሾፌራችን ራሱ መጥቶ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ ብብቱ ይዞ ወሰዳቸው። እህቴ በሩ ላይ ቆማ እስኪርቅ አየችው። ከዚያ ገብታ በሸራው ሥራ ምክንያት የቆየውን የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ከመስቀያው አወረደችና «ክር አቀብይኝ፣ ነጩን» አለችኝ።